የበርሊን መከላከያ የፈሪ ጨዋታ ነውን?

የበርሊን መከላከያ ከቼዝ መክፈቻዎች ሁሉ ስሙ በከንቱ ከሚጠፋው አንዱ ነው። ክሱ አጭር ነው፦ የፈሪ መሸሸጊያ ነው፤ የሚያስገኘው አቻ ብቻ ነው፤ ለሀበሻ የጨዋታ ወግም ባዕድ ነው። ሦስቱም አይጸኑም።

ፍርሃት የተባለው ሰሌዳው ላይ ሲታይ ሌላ ነው። በዋናው መስመር፣ በስምንተኛው እርምጃ ንግሥቶቹ ይበላላሉ፤ የጥቁሩ ንጉሥም ወደ ግንቡ ተጠግቶ የመመሸግ መብቱን አጥቶ መሐል ላይ ይቀራል። ጥቁር በምትኩ ሁለቱንም ጳጳሳት ይዞ ይቆያል። ፈሪ ንጉሡን እንዲህ አያጋልጥም።

አቻን መናቅም ሒሳብ መዘንጋት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ክራምኒክ በጥቁር ሲጫወት ይህን መከላከያ በካስፓሮቭ ላይ አራት ጊዜ አቆመ፤ አራቱም በአቻ አለቁ። በነጭ ሁለት ጊዜ አሸንፎ ግጥሚያውን 8.5 ለ6.5 ረታ። ከ1985 ጀምሮ የነገሠው ሻምፒዮን አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ዘውዱን አስረከበ። «አቻ ብቻ» ለሚሉ ደግሞ የ2014ቱ የሶቺ ግጥሚያ አለ፤ ካርልሰን 11ኛውን ጨዋታ በነጭ፣ በዚሁ በርሊን፣ አናንድን አሸንፎ ውድድሩን ዘጋ።

ባዕድ መባሉ ይበልጥ ያስቃል። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ምዕራፉም ወረራ ይባላል። የባላጋራን አሰላለፍ እያዩ የራስን ማስተካከል እዚያ ጥበብ እንጂ ነውር አይደለም። ሰሌዳው ላንቻም ይዘርጋ ለንደን፣ 64 ቤት ነው፤ በደንብ የተከላከለም የማሸነፍ መብት አለው።