ስለ አንድ የተናቀ ፊልም

ጄምስ ቦንድ የሚባለውን የእንግሊዝ ሰላይ ስሙን ያልሰማ ሲኒማ ተመልካች ብዙ አይገኝም። በ1962 «ዶክተር ኖ» ከተባለው ፊልም ጀምሮ እስከ 2021 ድረስ በተከታታይ 25 ፊልሞች ወጥተውለታል (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ከነዚህም መካከል ወዳጆቹ ሳይቀሩ ሲነሣባቸው ፊታቸውን የሚያጨማድዱበት አንድ አለ፤ ይኸውም በ2008 የታየው «ኳንተም ኦፍ ሶላስ» ነው።

እኛም ተማሪዎች ሳለን ከመኝታ ቤት ጓደኞቻችን ጋር ስናየው ግማሹ ሳይደርስ እንቅልፍ ወስዶናል። ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ጓደኛችን እስቲ ደግመን እንየው አለን። ይህ ጓደኛችን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ገና ዓመት ያልሞላው ሲሆን፥ ሥራውም የውል ረቂቆችን ማመሳከር ነው። ዛሬ የምንጽፈው አሳብ ከዚያ ምሽት የመጣ ነው።

ጥፋቱን አስቀድመን እንናገር። ፊልሙ ከመጠን ያለፈ ይቸኩላል። ርዝመቱ 106 ደቂቃ ብቻ ሲሆን ከተከታታዮቹ ሁሉ አጭሩ እርሱ ነው። ሥዕሉ እየተቈራረጠ ስለሚዘል፥ መኪና መኪናን ሲያባርር የትኛው የማን እንደ ሆነ ሳንለይ አንዱ ገደል ገብቶ እናገኘዋለን። ማቲስ የተባለው አሮጌ ወዳጅ በቦንድ እቅፍ ውስጥ ከሞተ በኋላ ሬሳው ቈሻሻ መጣያ ውስጥ ይጣላል፤ ቦንድም ከኪሱ ገንዘቡን ይወስዳል። ይህን በደራሲው ችኰላ እናመካኝ ብንል እንኳ ነውርነቱ አይቀርም።

ለችኰላው ምክንያት አለው። የአሜሪካ የፊልም ደራሲዎች ማኅበር በኖቬምበር 2007 ሥራ የማቆም አድማ መትቶ እስከ ፌብሩዋሪ 2008 ድረስ ቈየ። ቀረጻው ግን በጃኑዋሪ ተጀምሮ ነበር። ዋናው ተዋናይ ሚስተር ዳንኤል ክሬግ ኋላ እንደ ተናገሩት፥ እርሳቸውና ዲሬክተሩ ሚስተር ማርክ ፎርስተር ደራሲ በሌለበት ትርኢቶቹን ራሳቸው እያስተካከሉ ለመሥራት ተገደዋል። የጐደለውን ንግግር በሩጫና በተኩስ መሙላት የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ሁሉ ተቺዎቹ ብለውታል፤ ልክም ናቸው። እኛ የማንስማማቸው ስለ ወንጀለኛው በተናገሩት ነው። ዶሚኒክ ግሪን ትንሽ ሰው ነው፥ አያስፈራም፥ ለቦንድ የሚመጥን ጠላት አይደለም ይላሉ። እውነት ነው፤ ፊቱ ላይ ጠባሳ የለውም፤ ከመሬት በታች ሮኬት አልደበቀም። ነገር ግን እኛን ያስፈራን ይኸው ነው። ግሪን ለተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ቆሜአለሁ የሚል፥ በግብዣ ላይ ንግግር የሚያደርግ፥ ጥሩ ልብስ የለበሰ ነጋዴ ነው። መሣሪያው ውል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሪን የቦሊቪያን መንግሥት ገልብጦ ጄኔራል ሜድራኖን በሥልጣን ለማስቀመጥ ይስማማል፤ ለዋጋውም የሚጠይቀው ማንም የማይፈልገውን በረሓ ነው። የአሜሪካ ሰላዮች ነዳጅ አግኝቷል ብለው ይጐመጃሉ፤ የእንግሊዝ ሹማምንትም እንዲሁ። ተመልካቹም አብሮ ይታለላል። በ1964 በወጣው «ጎልድፊንገር» አንዲት ሴት በወርቅ ቀለም ተቀብታ ሞታ መገኘቷን የሚያስታውስ ሰው፥ እዚህ ፊልድስ የተባለችው ወጣት በድፍድፍ ዘይት ተነክራ አልጋ ላይ ሲያያት ስለ ነዳጅ ጥርጥር አይኖረውም። ግሪን ግን በበረሓው ሥር የሚፈሰውን ውሃ ገድቦ ኖሯል። በመጨረሻ ከአገሪቱ ውሃ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው በእጁ መግባቱን ለጄኔራሉ ይነግረዋል፤ ፊቱ የሚያቀርበውም ወረቀት የውሃውን ዋጋ እጥፍ የሚያደርግ ነው። አልፈርምም ብትል የሚተካህ ሰው ተዘጋጅቷል ይለዋል። ጄኔራሉም ይፈርማል።

ጓደኛችን እዚህ ላይ ፊልሙን አቆመው። «መሬቱን ሲሰጥ፥ ከሥሩ ምን እንዳለ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ የለም?» አለን።

ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ኮቻባምባ በምትባለው የቦሊቪያ ከተማ የውሃው አገልግሎት በ1999 በ40 ዓመት ውል «አጉዋስ ዴል ቱናሪ» ለተባለ ማኅበር ተሰጠ፤ ከጀርባውም ቤክቴል የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ ነበረበት። በ2000 መጀመሪያ የውሃ ክፍያ ሲጨምር አንዳንዱ ቤተ ሰብ እጥፍ እንዲከፍል ተጠየቀ። ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጣ፤ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐወጀ፤ አንድ የ17 ዓመት ልጅ በጥይት ተገደለ። በአፕሪል ውሉ ፈረሰ። ማኅበሩ ካሣ ይከፈለኝ ብሎ በዓለም አቀፍ የዳኝነት ጉባኤ ፊት ከስሶ ነበር፤ በ2006 ግን በሁለት ቦሊቪያኖ፥ ማለት አንድ ብርጭቆ ሻይ በማይገዛ ገንዘብ፥ ክሱን ተወው።

እንግዲህ የፊልሙ ትልቁ ጕድለት ለእኛ የሚታየን እዚህ ላይ ነው። ውሉን ያፈረሱት የኮቻባምባ ሰዎች በፊልሙ ውስጥ የሉም። ውሃ የተጠሙት የመንደር ሰዎች የሚታዩት ለጥቂት ሰኮንድ፥ ቧንቧው ሲነጥፍ ብቻ ነው። አንድም ቃል አይናገሩም። ቦሊቪያ የምትባለውም ምድር ከፊሏ የተቀረጸው በቺሊ በረሓ ነበር፤ ይህም በረሓ በ19ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ቺሊ ከቦሊቪያ የወሰደችውን ምድር የሚጨምር ነው። የሲየራ ጎርዳ ከንቲባ ከተማችንን የቦሊቪያ አስመሰላችሁብን ብለው መኪናቸውን እየነዱ ቀረጻው መካከል መግባታቸው በጊዜው ብዙ አሥቋል። ስለ ውሃው የተቈጣ ሰው ግን በፊልሙ ውስጥ አላገኘንም።

ስለዚህ ፊልሙ ታላቅ ነው አንልም። ትልቅ ጕዳይ በእጁ ይዞ ሳለ ያልታመነበት፥ ተመልካቹ ይሰለቻል ብሎ በየዐሥር ደቂቃው ፍንዳታ የጨመረበት ሥራ ነው። ቢሆንም ከጨረር መድፉና ከተንሳፋፊው ቤተ መንግሥት ሁሉ ይልቅ በአሳባችን የቀረው፥ በበረሓ ሆቴል ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው ያ ወረቀትና ብዕሩ ነው።

ጓደኛችን ግን የመጨረሻውን ቃጠሎ ሳያይ ተነሣ። የት ትሄዳለህ ብንለው፥ ለነገ ጧት የሚቀርብ አንድ ረቂቅ እንዳለበትና አባሪዎቹን ገና እንዳላያቸው ነገረን።