ረጅም መርፌ ጠንካራ መድኃኒት አይደለም!

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ከዱባይ ሲመለስ የኢንሱሊን ፔን መርፌ ይዞ መጣና «ለሚፈልግ የስኳር ታማሚ በነጻ እሰጣለሁ» ብሎ ለጠፈ። እግዜር ይስጠው። ጉዱ ያለው ኮሜንቱ ላይ ነው። አንዲት ልጅ «ባለ 4 ሚሊሜትሩ አለህ?» ብላ ብትጠይቅ መዓት ወረደባት። «እሱ የሕጻናት ነው፣ ለትልቅ ሰው 8 ነው»፣ «4ማ ቆዳም አይበሳ»፣ «እናቴ ወፍራም ናት፣ እሷ ጋ የት ይደርሳል»። አንዱማ በሙሉ ልቡ «መርፌ ካላመመ ምኑን ሠራው?» አለ። ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ 8 ወሰደች።

ይቅርታ መጠየቅ የነበረባት እሷ አልነበረችም።

እኔ ስኳር ካለብኝ 14 ዓመት ሆነኝ። ያስተማርኳችሁ ልጆች «ቲቸር ኪስህ ውስጥ ከረሜላ የማይጠፋው ለምንድነው?» ስትሉኝ «ለጎበዝ ተማሪ ነው» እል ነበር። ውሸቴን ነው። (ጎበዞቹም በልተዋል፣ አልካድም።) እውነቱ ይሄ ነው፦ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቀን ጠዋት እንደለመድኩት ጭኔን ወጋሁ። ያኔ ፔን የሚባል አላውቅም፤ ብልቃጥና ሲሪንጅ ነው። መርፌው ከ12 ሚሊሜትር ያልፋል፣ እኔ ደግሞ እንደምታውቁኝ ሥጋ የለኝም። ቁርሴን በልቼ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ክፍል ገባሁ። ሁለተኛ ፔሬድ ላይ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ፊደል ይጋደም ጀመር። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ አጥምቆኛል። ተማሪዎቹ ሲስቁ ይሰማኛል፤ ጠጥቶ መጣ ብለው ነው። አንዲት ተማሪ ብቻ ገባት። እናቷ ስኳር ነበረባቸው። ሮጣ ከመምህራን ክበብ ስኳር የበዛበት ሻይ አምጥታ ጋተችኝ። እሷ ባትኖር ምን እሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ዶዜን አልተሳሳትኩም። ምግብም አልዘለልኩም። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው አንዲት ነርስ ጭኔንም መርፌውንም አይታ «አንተ እኮ ጡንቻህን ነው ስትወጋ የኖርከው» ያለችኝ።

ኢንሱሊን መግባት ያለበት ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ውስጥ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ደም ይሄዳል፤ ዶዙም የተሰላው በዚህ ነው። ጡንቻ ውስጥ ከገባ ግን ቶሎ ይመጠጣል። ጡንቻው ሥራ ላይ ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም ዳገት እየወጣ፣ ኳስ እየተጫወተ፣ እንጨት እየተሸከመ ከሆነ፣ የባሰ ይፈጥናል። የሰዓታት ሥራ የነበረው ኢንሱሊን በአጭር ጊዜ ይወርድብሃል፣ ስኳርህም አብሮ ይወርዳል።

አሁን «ለወፍራም ሰው አይደርስም» ወደምትሉት ልምጣ። መርፌ የምንወጋበት ቦታ ላይ የአዋቂ ሰው ቆዳ ውፍረት በአማካይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቀጭን ሆነ ወፍራም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሰው ሲወፍር የሚጨምረው በዋናነት ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ነው፤ ስቡ ደግሞ እኛ የምንፈልገው ቦታ! 4 ሚሊሜትር ቆዳውን አልፎ ስቡ ውስጥ ገብቷል፣ ከዚያ ወዲያ የት እንዲደርስላችሁ ነው? በጣም ወፍራም ሰዎች ላይ ሳይቀር 4 ከ8 እና ከ12.7 ጋር ተወዳድሮ ተሞክሯል፣ የስኳር ቁጥጥሩ አልተበላለጠም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ምክርም 4 ሚሊሜትር ለልጅም ለአዋቂም፣ ለወፍራምም ለቀጭንም ነው የሚለው። ቀጥ አድርጎ መውጋት ነው። ትንንሽ ሕጻናትና በጣም የከሱ ሰዎች ብቻ ቆዳቸውን ቆንጠጥ አድርገው ያነሳሉ።

«በአጭሩ ስወጋ ጠብታ ተመልሶ ይወጣል» ላልሽው እህቴ፦ ጥፋቱ የመርፌው ቁመት ሳይሆን ጥድፊያሽ ነው። ቁልፉን እስከ ዜሮ ተጭነሽ ሳትለቂ እስከ 10 ቁጠሪ፣ ከዚያ አውጪው። ከመውጋትሽ በፊት ደግሞ 2 ዩኒት ወደ አየር ተኩሺና ጫፉ ላይ ጠብታ ማየትሽን አረጋግጪ።

ግን ሕዝቡን ብቻ አልወቅስም። እኔ ክትትል በማደርግበት ቦታ ለዓመታት ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር አይተው «ዶዙን ጨምር» ይሉኝ ነበር እንጂ አንድም ቀን «ልብስህን ግለጥና ሆድህን ልየው» ያለኝ የለም። አንዱን ቦታ ደጋግሜ እየወጋሁ እንደ ሎሚ የደነደነ እብጠት አውጥቼ ነበር። እብጠት ላይ የተወጋ ኢንሱሊን አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም። አያምም ደግሞ፣ ለዚህ ነው ሰው የሚወደው። እብጠት ያላችሁ ወደ ጤነኛ ቦታ ስትቀይሩ ያው ዶዝ ሊበዛባችሁ ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ፣ እየለካችሁ ቀይሩ። በየጊዜው ካለፈው ቢያንስ የአንድ ጣት ወርድ እየራቃችሁ ውጉ።

መርፌ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት። እንደማይገኝ አውቃለሁ፣ እኔም ደጋግሜ የተጠቀምኩበት ጊዜ አለ። አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም፦ ፔን ለሁለት ሰው አይሆንም። መርፌው ቢቀየርም እንኳ ደም ወደ ካርትሬጁ ተመልሶ ይገባል። ለወንድምም ለባልም አይሰጥም።

ባለ 8 ያላችሁ አትጣሉት። ቆዳችሁን በሁለት ጣት አንስታችሁ ወይ 45 ዲግሪ አጋድማችሁ ተጠቀሙበት፣ ክንድ ላይ ግን ይቅርባችሁ። በብልቃጥና በሲሪንጅ የምትጠቀሙ፣ የሲሪንጅ መርፌ የብልቃጡን ጎማ መብሳት ስላለበት ከ6 አያጥርም፤ አጭሩን ጠይቁና ቆንጠጥ እያደረጋችሁ ውጉ።

ውጭ ሀገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ለዘመድ ስትገዙ ሣጥኑ ላይ «4 ሚ.ሜ» የሚለውን እዩ። አጠገቡ 32ጂ የሚል ካለ የቅጥነቱ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። ኮሜንት ላይ 8 የወሰድሽው እህት ይሄን ካነበብሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ አንድ ሣጥን 4 አለኝ።