እባብ ቤት፣ የጦር መለዋወጫ እና የእንግሊዝኛ ንዴታችን

እስቲ ከሰፈሬ ስም ልጀምር። ቂሊንጦን በላቲን ፊደል ከሚጽፉት ገሚሶቹ በ"ኬ"፣ ገሚሶቹ በ"ኪው" ይጀምሯታል። በኦሮምኛ ቁቤ ደግሞ የ"ጦ"ን ድምፅ የሚይዘው "ኤክስ" ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ቁቤውን ቢያነብ "ቂሊንክሶ" ብሎ ማለፉ አይቀርም። ታዲያ የተሳሳተው ማነው? ቁቤው በራሱ ሕግ ትክክል ነው። እንግዳውም ባያውቅ አይፈረድበትም። በዚህ የሚናደድ ሰው አላየሁም። የእኛ ሰው እንግሊዝኛ ሲሳሳት ግን እናንተዬ፣ ንዴቱም ሳቁም አያድርስ ነው!

ለሳቅ የሚሆን ነገር እንዳለ አልክድም። የአዲስ አበባ ታፔላዎች ዓመታት የተቀለደባቸው ናቸው። መክሰስ ቤቱ "ስናክ" ብሎ ሊጽፍ አስቦ "ሲ"ን ይጥልና መጨረሻ ላይ "ኢ" ይጨምራል፤ ቤቱ እባብ መሸጥ ይጀምራል። የመኪና መለዋወጫ ሻጩ "ስፔር" በሚለው ቃል ውስጥ የአንዷን ፊደል ቦታ ያዛውራል፤ የጦር ነጋዴ ሆኖ ያርፋል። የውበት ሳሎኑ አንዲት "ኦ" ሲጨመርበት በእንግሊዝኛው መጠጥ ቤት ይሆናል። ስብሰባ ስንገባ ደግሞ "ዲስከስ አባውት" የሚለው አለ፤ "ኢንፎርሜሽንስ" የሚለው አለ።

ግን እነዚህ ስህተቶች ከድንቁርና የመጡ አይደሉም። አብዛኞቹ የራሳቸው ሰዋስው አላቸው። "ስለ ጉዳዩ ተወያየን" ብሎ ያደገ ሰው "ስለ"ን ይዞ ወደ እንግሊዝኛው ቢሄድ ምን ይገርማል? እንግሊዝኛው "ስለ"ን ግሱ ውስጥ ደብቆታል፤ የእኛ ሰው አውጥቶ ያሳየዋል፤ ይኸው ነው። "እስኩል" እና "እስፖርት" የሚለውም ምላሱ ሰንፎ አይደለም። አማርኛ ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ ሲደራረብበት አይወድምና "እ"ን ከፊት ያስቀድማል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። "ኢንፎርሜሽንስ" ባለው ሰው ላይ የሚስቀው ጋዜጠኛ ዜና ሲያነብ "ቃላቶች"፣ "መምህራኖች"፣ "እንስሳቶች" ይላል። "ቃላት" እኮ ከግዕዝ ብዙ ሆኖ የመጣ ነው፤ "መምህራን"ም፣ "እንስሳት"ም እንደዚያው። ብዙውን እንደገና ማብዛት በእንግሊዝኛ ሲሆን ያሳፍራል፤ በአማርኛ ሲሆን ግን ጆሮ እንኳን አይሰጠውም። ስህተቱ ያው ሆኖ ሳለ ንዴቱ ወደ አንዱ ብቻ ለምን ይሄዳል?

ጣልያንኛን ደግሞ ተመልከቱ። መኪና፣ መርካቶ፣ ጎማ፣ ፌርማታ፣ ሁሉም ከጣልያንኛ የወሰድናቸው ናቸው። "ማኪና ነው የሚባለው፣ መኪና አይደለም" ብሎ የሚያርም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የፋብሪካ ሠራተኛ ጠዋት "ሰርቪስ አመለጠኝ" ሲል ሁላችንም የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስ ማለቱ እንደሆነ እናውቃለን። እንግሊዛዊ ላይገባው ይችላል፤ ቃሉ ግን የእኛ ሆኗል።

ጣልያንኛ ስንሳሳት የማያሳፍረን ጣልያንኛ ሥራ ስለማያስቀጥር ነው። እንግሊዝኛ ግን ያስቀጥራል፣ ያስንቃል፣ ያስከብራል። በታፔላው የምንስቀው ስለ ፊደሉ ተቆርቁረን አይመስለኝም። "እኔ ከዚህ ሰውዬ እሻላለሁ" ማለቱ ይጥመናል። ባለ ሥጋ ቤቱ እኮ ሥጋውን የሚሸጠው በአማርኛና በኦሮምኛ ነው። እንግሊዝኛውን ግድግዳው ላይ ያጻፈው እኛ ያለ እንግሊዝኛ ቤቱን ቤት ስለማንልለት ነው።

መናደድ ካማረን የሚያናድደው ሌላ ቦታ አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ ሁለተኛ ደረጃንና ከዚያ በላይን በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ደነገገ። አፍ በፈታበት ቋንቋ ማሰብ መልካም ነው። ችግሩ ድልድዩ ላይ ነው። ፎቶሲንተሲስን በአማርኛ የተረዳ ልጅ በአንድ ክረምት ልዩነት ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ አብራራ ይባላል። አስተማሪውም በዚያው ድልድይ ያለፈ ነውና ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ጽፎ ትርጉሙን በአማርኛ ይነግራቸዋል። ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ይመጣል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ ሁሉንም በቋንቋ አላሳብብም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ያልገባው ልጅ መልሱን ማወቅ አለማወቁን በምን እንለየዋለን?

እዚሁ አካባቢያችን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ያን ድልድይ ተሻግረው የደረሱትን እናያለን። ከድልድዩ የወደቁትን ግን ማን ይቆጥራቸዋል? ምናልባት አንዱ ታፔላ ጸሐፊ ሆኖ ይሆናል፣ እኛም እየሳቅንበት ይሆናል።

ቂሊንጦ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተከለለ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ከመድኃኒት ቤት የገዛችሁትን ካርቶን ከፍታችሁ ውስጡ ያለውን ወረቀት አንብቡት። እንግሊዝኛው እንከን የለውም፤ አንድ ነጥብ አልተሳሳተም። መድኃኒቱን የምትውጠው እናት ግን አንድ መስመር አታነብለትም። ፋርማሲስቱ በእስክሪብቶ "ጠዋትና ማታ" ብሎ ባይጽፍላት ምን ይውጣት ነበር? "ስኔክ" ብሎ የጻፈው ሰው ማንንም አልጎዳም። ይህኛው ወረቀት ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል፣ በሰዋስው ፈተና ግን መቶ ከመቶ ያገኛል።

ስለዚህ የሰፈራችሁን ታፔላ ስታዩ ፎቶ አንስታችሁ ከመበተናችሁ በፊት ገባ ብላችሁ "ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ጋ አንዲት ፊደል ተሳስታለች" በሉት፤ በቀለም ይታረማል። የተረፈውን ንዴት ደግሞ ለመማሪያ መጽሐፉ፣ ለፈተናውና ለመድኃኒቱ ወረቀት አቆዩት፤ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራም ይዛችሁት ሂዱ።