መጀመሪያ ክፍሉ፣ ቀጥሎ ማይክሮፎኑ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ሙዚቃ የሚሞክሩ ወጣቶች የፊዚክስ መምህር ሲያገኙ አዘውትረው የሚያነሡት ጥያቄ «የትኛውን የቀረጻ ሶፍትዌር ልጫን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል የሚል እምነት አለኝ። ሶፍትዌር በመጨረሻ የሚመረጥ፣ ምርጫው ቢሳሳት እንኳ በቀላሉ የሚለወጥ ነገር ነው። በተሳሳተ ክፍል ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ ግን በምንም ሶፍትዌር አይታረምም። ከጤፍ ሽያጭ በተገኘ የቤተሰብ ገንዘብ ዕቃ ገዝቶ ውጤቱ ያሳዘነውን ተማሪ ከአንድ ጊዜ በላይ ስላየሁ ይህን ለመጻፍ ተነሣሣሁ።

እንደሚታወቀው ባለ ብዙ ትራክ ቀረጻ ማለት እያንዳንዱን መሣሪያና ድምፅ በየራሱ መስመር ቀርጾ በኋላ ማዋሐድ ነው። አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ሌስ ፖል ከአምፔክስ ኩባንያ ባለ ስምንት ትራክ መቅረጫ የተረከበው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ የሚቀርጸው የታስካም ፖርታስቱዲዮ ደግሞ በ1979 ዘዴውን ወደ መኖሪያ ቤት አስገባው። ከእኛ ሰዎች መካከል ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ ምሳሌ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 በአሜሪካ ባወጣው ካሴት አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ ብቻውን አንድ ባንድ ሆነ። ሥራው በ2013 ዳግም ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተደምጧል። ዛሬ በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ የሚገኘው የትራክ ብዛት ያኔ ከነበረው እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ የጎደለን የትራክ ብዛት አይደለም።

የራሴን ስሕተት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተበድሬ ውድ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ገዛሁና በሐምሌ ወር በአንዲት ባለ ሲሚንቶ ግድግዳ ክፍል አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ለመቅረጽ ተቀመጥሁ። ማይክሮፎኑ ያልሰማው ነገር አልነበረም፤ የጎረቤት ዶሮ፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ በመጨረሻም የቆርቆሮ ጣራውን የሚደበድበው ዝናብ። ዝናቡ ባይኖር እንኳ ማሲንቆው ከጣሳ ውስጥ የወጣ ይመስል ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከግድግዳ ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ በቀጥታ ከሚደርሰው በ1 ሜትር የረዘመ መንገድ ቢጓዝ በ3 ሚሊሴኮንድ ያህል ይዘገያል። በዚህም የተነሣ በ172፣ በ515ና በ858 ሄርትዝ አካባቢ ሁለቱ ሞገዶች እርስ በርስ ይዳከማሉ፤ ነጸብራቁ ጠንካራ ከሆነም ድምፁ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። የጠፋውን ሶፍትዌር ከየት ያመጣዋል? ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

መፍትሔው በአብዛኛው ቤት ውስጥ አለ። ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ በግድግዳው ላይ የቆመ የጥጥ ፍራሽ መካከለኛና ቀጭን ድምፆችን ይውጣሉ። ለወፍራም ድምፅ ግን አቅም የላቸውም፤ የ80 ሄርትዝ ሞገድ ርዝመት ከ4 ሜትር ይበልጣልና ጋቢ አያቆመውም። ስለዚህ ከበሮን በበጋ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ከግድግዳ ርቆ በግቢ መቅረጽ ከጠባብ ክፍል ይሻላል። እንግዲህ ዝናብ የማያሰጋው የበጋ ወራት ራሱ እንደ ዕቃ መቆጠር አለበት።

ማይክሮፎኑም በዚሁ ሚዛን ይመረጥ። ርቀቱን በግማሽ ብንቀንስ ቀጥተኛው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ከክፍሉ የሚመለሰው ግን ብዙም አይለወጥም። በመሆኑም ላልተስተካከለ ክፍል ከአፍ ጥቂት ጣቶች ርቆ የሚያዝ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ይበቃል፤ ኮንደንሰሩ እንደሚፈልገው 48 ቮልትም አይሻም። ከ1966 ጀምሮ የሚመረተው የሹር ኤስኤም58 ለዚህ የታወቀ ነው፤ አስመስለው የተሠሩት ግን ብዙ ናቸውና ከመግዛት በፊት አሰምቶ መሞከር ያሻል። ከዚያ ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን ማዳመጫ ይከተላል፤ ካልሸፈነ ቀድሞ የተቀረጸው ትራክ ወደ ማይክሮፎኑ ይፈሳል።

ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው የድምፅ ካርድ ሁለት መግቢያ ያለውና ኃይሉን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ የሚወስድ ቢሆን ይመረጣል። መብራት ሲጠፋ ሥራው አይቋረጥም። እንዲያውም (ይህን ስል አንዳንዶች ይስቁብኛል) መብራት የጠፋበት ሰዓት ለቀረጻ የተባረከ ነው፤ ወፍጮው ያርፋል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም ይላል፣ ከመስመሩ የሚገባው የ50 ሄርትዝ ጉምጉምታም አብሮ ይጠፋል።

በሴኮንድ 44,100 ናሙናና 24 ቢት በቂ ነው። አንድ ትራክ በደቂቃ 8 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ባለ ስምንት ትራክ የ5 ደቂቃ ዘፈን 318 ሜጋባይት ያህል ማለት ነው። ልኩን ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጉ፤ ጣሪያውን ነክቶ የተቆረጠ ሞገድ እንደ ነበረ አይመለስም።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ በ1999 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኦዳሲቲ በነጻ ይገኛል፤ ለጀማሪም ይበቃል። ቁልፉ የተሰበረ ውድ ፕሮግራም በፍላሽ ተቀባብሎ መጫን ከሕግ ጥያቄው ሌላ ኮምፒውተሩን ለቫይረስ ያጋልጣል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ወጣቶች ከበሮ መቺ ከጎረቤት እያለ የኪቦርዱን አስመሳይ ከበሮ ይመርጣሉ፤ ምክንያታቸውም ከሶፍትዌሩ ምት ቆጣሪ ጋር መግጠሙ ነው። የጌረርሳ አዋቂ አዛውንትን ሜትሮኖም አስሮ ማዘፈን ግን ጥፋት ነው። ጌረርሳ የራሱ ትንፋሽ አለው፤ ትራክ መደራረብ አያስፈልገውም፤ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ጸጥ ያለ ግቢና ትዕግሥት ይበቃዋል። የአምቦው ተወላጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን «ሰኚ ሞቲ» የተባለ የመጀመሪያ አልበሙን ዘፈኖች በርካታዎቹን የደረሰው በወጣትነቱ በአምቦ እስር ቤት ሳለ ነበር፤ እዚያ ስቱዲዮ አልነበረም። በ2020 ሲገደል የቀሩልን የተቀረጹት ብቻ ናቸው።

ስለዚህ በየቤታችሁ ያሉትን አዛውንቶች የምትቀርጹ ከሆነ ዕቃ እስኪሟላ አትጠብቁ። ስልክም ቢሆን ይቅረጽ፤ ድምፁን እንደ ፈቀደ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው አውቶማቲክ ማስተካከያ የሚጠፋ ከሆነ አጥፉት። የተቀረጸውንም ሳትጨምቁ በዌቭ ፋይል፣ ስምና ቀን ጽፋችሁ፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ።