የብስክሌት መብራት ብቻውን ይበቃል ወይ?

ባለፈው ወር በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ ከውሃና ከቆሻሻ ጉዳይ ቀጥሎ የቀረበው አጀንዳ የአሥር ደቂቃ ነገር መስሎን ነበር። ጥያቄው አጭር ነው፤ በሰፈራችን በማታና በንጋት በብስክሌት የሚሄድ ሁሉ ከመብራቱ ሌላ የሚያንጸባርቅ ልብስም ይልበስ ወይስ መብራቱ ይበቃዋል የሚል ነው። ሆኖም ክርክሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶ ሳንስማማ ተለያየን። ጉዳዩ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ኮሚቴው ተነጋግሮ የደረሰበትን ሐሳብ በዚህ ሰሌዳ ላይ ማውጣት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩን ምን እንዳስነሳው ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከፋሲካ በኋላ በአንድ ማለዳ ለሱቆች ዳቦ የሚያደርስ የሰፈራችን ልጅ ወደ 93 ማዞሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ በመኪና ተገጭቶ እግሩ ተሰብሯል። እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሱ ተርፋለች፤ አሁን በክራንች ይሄዳል። ልጁ መብራት አልነበረውም እንዳይባል ነበረው፤ የፊቱም የኋላውም በርቶ ነበር። ሾፌሩም አልሸሸም፣ ራሱ አንስቶ ሐኪም ቤት አድርሶታል። ግን ስንጠይቀው የሰጠን መልስ አሁንም ከጆሯችን አልወጣም። «ቀይ መብራት አይቻለሁ፤ ሩቅ የቆመ መኪና ነው ብዬ ነበር» አለን። ልጁ ደግሞ «መብራት አብርቼ ነበር እኮ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። ሁለቱም አልዋሹም።

እኛ እንደገባን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። በጨለማ ውስጥ አንዲት ትንሽ መብራት ስትታይ መብራት መኖሩን ትናገራለች እንጂ ምን ያህል እንደምትርቅ፣ ከበስተኋላዋ ሰው ይኑር እቃ ይኑር አትናገርም። በቡልቡላ መንገድ ዳር ማታ የሱቅ አምፖል አለ፣ የባጃጅ መብራት አለ፣ የስልክ ብርሃን አለ፣ የሚኒባስ ፍሬን መብራት አለ። ከዚህ ሁሉ መሐል የብስክሌቷን መለየት ቀላል አይደለም። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሱ አንድ አባላችን በስብሰባው ላይ «እኔ የማየው ነጥብ ነው፤ ሰው መሆኑን የማውቀው አጠገቡ ስደርስ ነው» ብለውናል። ደግሞም መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ እስኪያስብ 17 ሜትሩ አለቀ ማለት ነው፤ ፍሬን የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ድሮ የነበረውን ያስታወሱም አሉ። ያኔ የብስክሌቱ መብራት የሚበራው ከጎማው ጋር በሚፋተግ ዲናሞ ነበር፤ ብስክሌተኛው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲቆም ዲናሞውም ይቆምና መብራቱ ድርግም ይላል። ታዲያ የኋላው ፓራፋንጎ ነጭ ቀለም ይቀባ የነበረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። የዛሬው የባትሪ መብራት ያንን ችግር አስወግዷል፤ ባትሪው እስካላለቀ ድረስ።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ኪዳን ለማድረስ በሌሊት የሚወጡት እናቶቻችን መብራት አይዙም። ነገር ግን ነጠላቸው ከላይ እስከ ታች ነጭ ስለሆነ ሾፌር ከሩቅ ያያቸዋል፤ አካሄዳቸውንም ስለሚያይ ሰው መሆናቸውን ያውቃል። ልጆቻችን ግን ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ጫማ አድርገው ይወጣሉ። እናቲቱ ያለ መብራት የታየችበት መንገድ ላይ ልጇ መብራት ይዞ ሳይታይ መቅረቱ የሚያስገርም ነው።

ልብስ ሲባል ግን ሁሉም አንድ አይደለም፤ በስብሰባው ላይም ብዙ የተደናገርነው በዚህ ነው። የግንባታ ሠራተኞች የሚለብሱት፣ ሕዝቡ «ሴፍቲ» የሚለው ሰደርያ ሁለት ነገር አለው። አንዱ ቢጫው ወይም ብርቱካንማው ጨርቅ ነው። ይህ በቀን የሚደምቀው በዓይን የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ወደሚታይ ቀለም ስለሚለውጠው ነው፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ያ ጉልበት የለውም። ሁለተኛው ብር የሚመስለው ጥብጣብ ነው። በላዩ ላይ እጅግ ጥቃቅን የመስታወት ቅንጣቶች አሉበት፣ እነሱም የመኪናውን ብርሃን ተቀብለው ወደ መጣበት፣ ማለትም ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመልሱታል። ስለዚህ ለማታ የሚሠራው ጥብጣቡ ነው። ጥብጣቡ የተሰነጣጠቀ ወይም አቧራ የጠገበ አሮጌ ሰደርያ ከሥራ ቦታ ለምኖ መልበስ ልብን ያሞኛል እንጂ አይጠቅምም።

ተማሪ ልጆቻችን አንብበው ካስረዱን ውስጥ ሁለቱን እንጥቀስ። በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሾፌሮችን በሌሊት በዝግ መንገድ ላይ እያስነዱ ብስክሌተኛውን ስንት ጊዜ እንደሚለዩት ቆጠሩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ጥቁር የለበሰውን የለዩት ከመቶ 2 ጊዜ ብቻ ነው። ደማቅ ቢጫ ጨርቅ ብቻ የለበሰውን 15፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የለበሰውን 50፣ በሰደርያው ላይ ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ላይ ጥብጣብ ያሰረውን ግን 90 ጊዜ ለይተውታል። ፔዳል ሲመታ ከፍ ዝቅ የሚለው እግር ነው ሰው መሆኑን ያስታወቀው። የብስክሌቱ መብራት፣ ብልጭ ድርግም የሚለውም ቢሆን፣ በዚያ ሙከራ ላይ ልዩነት አላመጣም፤ ይህ እኛንም አስደንግጦናል። ሁለተኛው በዴንማርክ ነው። ወደ 6,800 የሚሆኑ ብስክሌተኞች ተመዝግበው ግማሾቹ ለአንድ ዓመት ቢጫ ጃኬት እንዲለብሱ ተደረገ። የለበሱት ከሌላ ተጓዥ ጋር ተጋጭተው የተጎዱበት አደጋ ከሌሎቹ በ47 በመቶ ያነሰ ሆነ፤ አደጋውን የሚናገሩት ራሳቸው ስለነበሩ ቁጥሩ ሲስተካከል ወደ 38 በመቶ ወርዷል። ያም ቢሆን ትንሽ አይደለም።

ይህን ያየ ሰው መብራቱን ይጣለው አላልንም። ጥብጣብ የሚያበራው የመኪና ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ ነው። ከመታጠፊያ ለሚመጣ መኪና፣ መብራት ለሌለው ጋሪና ለእግረኛ የሚታየው የብስክሌቱ የራሱ መብራት ነው። ጉድጓዱንም የሚያሳየው እሱ ነው፤ የኮብልስቶናችንን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። አንዳንድ አባላት የማያንጸባርቅ ልብስ ለብሶ በማታ በብስክሌት የሚገባ 50 ብር ይቀጣ፣ ባለሱቆችም ከእሱ ዕቃ አይቀበሉ ብለው ነበር። ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን አንዲት እናት ተነሥተው «ነገ ልጄን መኪና ቢገድልብኝ፣ ሰደርያ አልለበሰም ተብሎ ሊዘጋብኝ ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁ አዳራሹ ጸጥ አለ። ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም፤ እኛም የለንም። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም መንገድ የሚሻገሩት በጠራራ ፀሐይ ነው። በእንግሊዝ አገርም አንድ ተመራማሪ ልዩ ልዩ ልብስ እየቀያየረ በብስክሌት ሲሄድ መኪኖች ምን ያህል ተጠግተው እንደሚያልፉት ለክቶ እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትሟል። ምንም ቢለብስ ከመቶ አንድ ሁለቱ ከግማሽ ሜትር ባነሰ ርቀት ያልፉት ነበር። አይቶ የማይጠነቀቅ ሾፌር አለ ማለት ነው፤ ለእሱ ሰደርያ መድኃኒት አይሆነውም።

ስለዚህ የኮሚቴው አቋም ይህ ነው። መብራትም የሚያንጸባርቅ ነገርም ያስፈልጋል፤ ከሁለቱ አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም። ቅጣት ግን አናወጣም። የሾፌሩን ፍጥነት ትተን የዳቦ አድራሹን ልብስ የምንመረምር ማኅበር መሆን አንፈልግም። የውስጥ መንገዳችን ላይ የፍጥነት መቀነሻ እንዲሠራልን ለወረዳው ደብዳቤ ጽፈናል፤ መልስ ሲመጣ በዚሁ ሰሌዳ እንለጥፋለን።

ጉዳዩ ይቆየን የሚባልበት ጊዜም አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ብስክሌት በሰፈራችን የሕፃናት ጨዋታ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ከተገደበ ወዲህ ግን ምግብና ዕቃ በብስክሌት የሚያደርሱ ወጣቶች በዝተዋል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መገናኛ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ልጁ እዚያ በራሱ መስመር ተዝናንቶ ይመጣና ወደ ውስጥ መንገዳችን ሲታጠፍ ከሲኖና ከሚኒባስ ጋር አንድ ላይ ይሆናል። ፀሐይ ደግሞ በአገራችን አትለማመጥም፤ በኅዳር 12 ሰዓት ላይ ገብታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጨለማ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሙሉ ሰደርያ ለመግዛት አቅም የሌለው አለ። ከላይ እንዳየነው ዋናው ቦታ እግር ስለሆነ ኮሚቴው ከማኅበሩ ገንዘብ አንድ ጥቅል የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ገዝቷል። ዕቃ የሚያደርሱ ወጣቶች ጀርባቸው ላይ ሳጥን ስለሚያዝሉ ሰደርያ ቢለብሱም ይሸፈናል፤ ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ይለጠፍላቸዋል። ጋቢ ደርበው የሚሄዱ ሽማግሌዎችም ጥብጣቡ ከጋቢው በላይ እንዲሆን ይሁን። ያላችሁን አሮጌ ሰደርያ መፈተን ብትፈልጉ በጨለማ ሃያ እርምጃ ርቃችሁ የስልክ መብራት ከዓይናችሁ አጠገብ ይዛችሁ አብሩበት፤ ካልነደደ ወርውሩት።

ጥብጣቡ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በነፃ ይታሰራል። ብስክሌቱንም፣ ማታ የምትለብሱትን ሱሪም ይዛችሁ ኑ። መቀስና መርፌ ያላችሁ እናቶች ብታግዙን ደስ ይለናል፤ የመጀመሪያውን ጥብጣብ የምንሰፋው በክራንች ለሚሄደው ልጅ ነው፤ ሐኪሙ ከፈቀደለት በኋላ ወደ ሥራው እመለሳለሁ ብሏልና።