የጣት ኦክስጅን መለኪያና የአስመጪው ኃላፊነት

ሚዛኑ የተዛባ ነጋዴ ገዢውን በገንዘቡ ይጎዳዋል፤ የተዛባ የኦክስጅን መለኪያ የሚሸጥ ግን ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ፣ ጣት ላይ የሚሰካውን ይህን ትንሽ መሣሪያ ለመሸጥ ያሰበ ሁሉ አሠራሩን ሊያውቅ ይገባዋል።

መሣሪያው ቀይ ብርሃንና ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ኦክስጅን የያዘ ደም ኢንፍራሬዱን፣ ኦክስጅን የጎደለው ደግሞ ቀዩን አብልጦ ይውጣል፤ ከዚህም ልዩነት መጠኑ በመቶኛ ይሰላል። ዘዴውን ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ይፋ አደረጉ።

ይሁን እንጂ የቆዳ ቀለምም ብርሃን ይውጣል። በ2020 በአሜሪካ የታተመው የሚሺጋን ሐኪሞች ጥናት እንደሚያስረዳው፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየባቸው ጊዜያት እውነተኛው መጠን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው ከነጭ ሕሙማን ልኬቶች በ3.6 በመቶው፣ ከጥቁሮቹ ግን በ11.7 በመቶው ነው።

እንግዲህ በአገራችን ዋጋን ብቻ አይቶ ማዘዝ አይበቃም። አስመጪው ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት፣ ዕቃው በስንት ባለ ጥቁር ቆዳ ሰዎች ላይ ተፈትኖ ምን ያህል ስሕተት እንደ ታየበት ፋብሪካውን በጽሑፍ ይጠይቅ። ቸርቻሪውም ይህ ማስረጃ ያልቀረበለትን ዕቃ አይረከብ። አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢጠይቅ ፋብሪካው ችላ ሊለው ይችላል፤ ገዢዎቹ ሁሉ በአንድ ቃል ቢጠይቁ ግን ለገበያው ሲል መልስ ይሰጣል።