ደብዳቤው በአማርኛ ይመጣል፣ ስብሰባው ላይ ግን የለንም



ከጁሙዓ በኋላ መስጂድ ደጅ ላይ ቆመን የምናወራውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ "የልጄ ክፍል ተማሪ በዝቶበታል" ይላል፤ ሌላው "ዒድ ቀን ፈተና አደረጉባቸው" ይላል፤ ሦስተኛው "ሒሳብ ምንም አልገባውም፣ ማታ ማታ እኔው ነኝ የማስጠናው" ይላል። ከዚያ "ለማን ነው የሚነገረው?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልስ የለም። ተጨባብጠን፣ ዱዓ ተደራርገን እንበታተናለን። በሚቀጥለው ጁሙዓ ያው ወሬ ይደገማል።

የዛሬ ጽሑፋችን ስለዚያች ጥያቄ ነው። የምናወራው ብዙዎቻችን ስለምንኖርበት፣ በሜሪላንድ ስላለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ጌይተርስበርግ፣ ጀርመንታውን ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የካውንቲው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በሜሪላንድ ትልቁ ናቸው፤ ወደ 160,000 የሚጠጋ ተማሪ፣ ከ200 በላይ ትምህርት ቤት አላቸው። ለወላጅ የሚላኩ ዋና ዋና ማስታወቂያዎች ከሚተረጎሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እስኪ ልብ እንበል! ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛና ከፈረንሳይኛ ጋር አማርኛ ተሰልፏል። ብዙ መሆናችንን ቆጥረው ያውቃሉ ማለት ነው። እኛ ነን ራሳችንን ያልቆጠርነው።

ወላጆቻችንን አንወቅስም። ያደጉት ሥርዓተ ትምህርት ከላይ፣ ከሚኒስቴር በሚወርድበት ሀገር ነው። "መንግሥት" ሲባል አንድ አካል ነው፤ አቤቱታም ካለ ለቅርቡ ኃላፊ ይነገራል። ስለዚህ እዚህም ነገር ሲበላሽ ወደ ርዕሰ መምህሩ ይሄዳሉ። ርዕሰ መምህሩ ግን የክፍሉን ተማሪ ብዛትም ሆነ የዒድን ቀን አይወስንም። ይሰማል፣ ፈገግ ይላል፣ "አመሰግናለሁ" ብሎ ይሸኛል።

ታዲያ ማን ነው የሚወስነው? የትምህርት ቦርዱ ነው። ስምንት አባላት አሉት። ሰባቱን ሕዝቡ ለአራት ዓመት ይመርጣቸዋል፤ ከነሱ አምስቱ ከየወረዳቸው፣ ሁለቱ ከመላው ካውንቲ የሚወዳደሩ ናቸው። የወረዳ ተወዳዳሪ ከዚያው ወረዳ ይሁን እንጂ ድምፅ የሚሰጠው የካውንቲው መራጭ በሙሉ ነው። ስምንተኛው ተማሪ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ዋና ኃላፊውን፣ ማለትም ሱፐርኢንተንደንቱን፣ የሚቀጥረው ቦርዱ ነው። የትምህርት ቤት ወሰን፣ ካላንደር፣ የሚመረጡ መጻሕፍት፣ የዲሲፕሊን ደንብ ሁሉ በዚህ ጠረጴዛ ያልፋሉ።

የቦርዱ ሥራ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ከጥቂት ዓመት በፊት አይተናል። በኦገስት 2023 ዋሽንግተን ፖስት አንድ የመካከለኛ ደረጃ ርዕሰ መምህር ባልደረቦቹን ወሲባዊ ትንኮሳ አድርሶባቸዋል የሚል አቤቱታ ሲቀርብበት ከቆየ በኋላ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርነት እድገት እንደተሰጠው አወጣ። ምርመራ ተከተለ። በፌብሩዋሪ 2024 ሱፐርኢንተንደንቷ ከቦርዱ ጋር ተስማምተው ሲለቁ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈላቸው። ያ ገንዘብ የማን ነው? የግብር ከፋዩ ነው፤ ሌሊት ኡበር ሲነዳ አድሮ ሱብሒን ሰግዶ የሚተኛው አባታችንም እዚያ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የትምህርት ቦርድ ራሱ ግብር ይጥላል። በሜሪላንድ ግን አይችልም። ቦርዱ በጀት ይጠይቃል፤ የሚሰጠው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። የ2026 በጀት ዓመት ከ3.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚህ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከካውንቲው፣ አብዛኛው ቀሪ ከሜሪላንድ ግዛት ይመጣል፤ የፌዴራሉ ድርሻ ትንሽ ነው። ከካውንቲው ዓመታዊ የሥራ በጀት ግማሽ ያህሉ ለትምህርት ቤቶች ይሄዳል። ከትምህርት በጀቱ ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ ለደመወዝና ለጥቅማ ጥቅም ነው። ስለዚህ "በጀት ተቀነሰ" ሲባል ቀለምና ወረቀት አይደለም የሚቀነሰው፤ ሰው ነው።

ምክር ቤቱም ቢሆን እንዳሻው አይደለም። የግዛቱ ሕግ ካውንቲው ለአንድ ተማሪ ካለፈው ዓመት ያነሰ እንዳይሰጥ ያስገድደዋል። ምክር ቤቱ በትልልቅ የወጪ ዘርፎች ላይ መቀነስ ይችላል እንጂ "ይህን ፕሮግራም ዝጉ፣ ያንን መምህር አስወጡ" ብሎ ማዘዝ አይችልም። ዘርፉ ሲቀነስ የትኛው ጣት እንደሚቆረጥ የሚመርጠው ቦርዱ ነው። በ2024 የሆነው ይኸው ነው። ምክር ቤቱ ከተጠየቀው ያነሰ ሰጠ፤ የክፍል ተማሪ ብዛት በአማካይ በአንድ ጨመረ፤ በኢንተርኔት የሚያስተምረው ሞንትጎመሪ ቨርቹዋል አካዳሚም ተዘጋ። በሕመምም በሌላ ምክንያትም እዚያ የሚማሩ ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ጮኹ፣ አልተሳካላቸውም። ያኔ ምክር ቤቱ "ቦርዱ ነው የዘጋው" ይላል፤ ቦርዱ "ምክር ቤቱ ነው ያልሰጠን" ይላል። ሁለቱም እውነት ነው! መንገዱን የማያውቅ ሰው በሁለቱ መሀል ኳስ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ በፊት በ2023 ምክር ቤቱ ለትምህርት ቤቶች ብሎ የንብረት ግብር በ4.7 በመቶ ከፍ አድርጓል። ቤት የገዛን ሰዎች ከፍለናል፤ ተከራዩም ከኪራዩ ውስጥ ከፍሏል። ከፍለን ዝም ማለት ለምን እንደቀለለን አይገባንም።

የዒድን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ልጆች ሆናችሁ ነው ያለፈው። ትምህርት ቤቶቹ በአይሁዶች ሁለት ትልልቅ በዓላት ከአሥርተ ዓመታት ጀምሮ ይዘጋሉ። ሙስሊሞች "የኛስ?" ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ የሕግ ነው፤ የሕዝብ ትምህርት ቤት ለሃይማኖት ብሎ መዝጋት አይችልም፣ ብዙ ተማሪና መምህር የሚቀር ከሆነ ግን ሥራው ስለሚስተጓጎል ሊዘጋ ይችላል። ወንድሞቻችን ወላጆች በዒድ ቀን ልጆቻቸውን እንዲያስቀሩ ቀሰቀሱ። በኖቬምበር 2014 ቦርዱ ምን አደረገ? ዒድን አልጨመረም፤ የሁሉንም ሃይማኖታዊ በዓላት ስም ከካላንደሩ ሰረዘ! ቀኖቹ ግን እንደበፊቱ ዝግ ሆነው ቀሩ። ሳቅም ቁጣም የሚያመጣ ውሳኔ ነበር። ቢሆንም ጠያቂዎቹ ቤታቸው አልገቡም። በዓመቱ ቦርዱ ለመምህራን የሥልጠና ቀን ተብሎ ተማሪ የማይገባበት ቀን ወሰነ፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2016 ዒድ አል-አድሓ በዚያ ቀን ዋለ። አልሐምዱሊላህ። ከዚህ የምንማረው አለ፤ "መብታችን ነው" የሚለው ቃል ብቻውን በር አልከፈተም። የተከፈተው ሰዎች ቦርዱ የሚቆጥረውን ነገር አውቀው ተመላልሰው በመሄዳቸው ነው።

የመጻሕፍቱ ጉዳይ ደግሞ ቅርብ ነው። በ2022 መጨረሻ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትና ስለ ጾታ ማንነት የሚያወሱ የታሪክ መጻሕፍት ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ገቡ። መጀመሪያ ወላጅ ተነግሮት ልጁን ማስወጣት ይችል ነበር፤ በማርች 2023 ቦርዱ ይህን ፈቃድ አነሳ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሮክቪል ወጣ። ኢትዮጵያውያን ኦርቶዶክስ ወላጆች ከሙስሊም ወላጆች ጎን ሆነው ቆሙ፤ ያንን ቀን አንረሳውም። አንዲት የካውንቲ ምክር ቤት አባል ሙስሊም ቤተሰቦችን ከነጭ የበላይነት አራማጆች ጋር በአንድ ወገን እንደቆሙ አድርገው ተናገሩ፤ በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። ልብ በሉ፣ ምክር ቤቱ በመጻሕፍት ላይ ሥልጣን የለውም። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሄዶ ሄዶ ጁን 27 ቀን 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለወላጆቹ ፈረደ። ክርክሩ እስኪያልቅ ወላጆች አስቀድሞ ሊነገራቸውና ልጃቸውን ማስወጣት ሊችሉ ይገባል አለ። መዝገቡ "ማሕሙድ ከቴይለር" ይባላል፤ ስሙ የአንድ ሙስሊም አባት ስም ነው።

በዚህ ፍርድ ደስ ብሎናል፣ አንደብቅም። ግን አንድ የሚከነክነን ነገር አለ። ያን ቀን በመቶዎች ወጥተን ነበር። በጥር ወር የበጀት መስሚያ ላይ ስንት ነን? የአንድ መጽሐፍ ጉዳይ ከሆነ እንነሳለን፤ ልጃችን ያን መጽሐፍ ማንበብ ጨርሶ ባይችል ግን ዝም እንላለን። እስኪ ውጤቱን እንየው። ከአሥር ተማሪ ዘጠኝ ያህሉ ይመረቃል፤ ይህ የሚያኮራ ነው። በግዛቱ ፈተና ግን በእንግሊዝኛ ብቁ የሚባሉት ከግማሽ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ በሒሳብ ደግሞ ሲሶ ያህሉ ብቻ ናቸው። አማካዩም ይሸፍናል። በሀብታሙ ሰፈር ያለው ልጅ አስጠኚ ይቀጠርለታል። የኛ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚማረው ችግረኛ በበዛበት፣ እንግሊዝኛ ገና የሚለምዱ ልጆች በተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት ነው። በካውንቲው ከአምስት ተማሪ አንዱ ያህል እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያለ ነው፤ የነሱ መምህራን ቁጥር የሚወሰነው ደግሞ በዚያው ባልሄድንበት የበጀት ስብሰባ ነው። የልጁ ትምህርት አማና ከሆነ ሒሳቡም ውስጥ አለበት፣ የምርጫ ወረቀቱም።

"ዜጋ አይደለሁም፣ መምረጥ አልችልም" የሚል ወንድም አለ። እውነት ነው፣ ለቦርድ አባላት የሚመርጠው ዜጋ ነው። መናገር ግን ዜግነት አይጠይቅም፤ ስም ማስመዝገብና የተሰጠችውን ደቂቃ መጠቀም ነው። ቀኖቹም በየዓመቱ ያው ናቸው። በዲሴምበር ሱፐርኢንተንደንቱ በጀቱን ያቀርባል፤ በጃንዋሪ ቦርዱ ሕዝብ ይሰማል፤ በፌብሩዋሪ ያጸድቃል፤ በማርች አጋማሽ የካውንቲው አስፈጻሚ የራሱን ሐሳብ ያወጣል፤ በአፕሪል ምክር ቤቱ ይሰማል፤ ሜይ ሲያልቅ ይወስናል። በነዚህ ዓመታት ረመዳን መሀሉ ላይ እየዋለ ነው፤ ማታ ስብሰባና ተራዊሕ ይጋጫሉ። እንግዲያውስ በኢፍጣር ሰዓት ስብሰባ እንዳያደርጉ መጠየቅም አንድ ጥያቄ ነው። ካልሆነም በጽሑፍ መላክ ይቻላል።

አሁን ስምንተኛው አባል። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በየዓመቱ በጸደይ ወቅት የተማሪዎች ምርጫ አለ። የተመረጠው ተማሪ ለአንድ ዓመት ቦርዱ ላይ ይቀመጣል፤ በበጀት፣ በትምህርት ቤት መዝጋትና በወሰን ጉዳይ ላይ ከአዋቂዎቹ እኩል ድምፅ ይሰጣል። በሠራተኛ ቅጣት በመሳሰሉት ላይ ብቻ አይገባም። ዜግነት አይጠየቅም፤ ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ የመጣ የ12 ዓመት ልጅም ይመርጣል። አባቱ የሌለው ድምፅ ልጁ ጋ አለ ማለት ነው። ስንቶቻችሁ ናችሁ ያ ቀን ሲመጣ ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያውን ስም ነክታችሁ የምታልፉት? ስንቶቻችሁስ ተወዳዳሪዎቹን ስለ ሶላት ቦታ፣ ስለ ሐላል ምግብ፣ ስለ እንግሊዝኛ ጀማሪዎች መምህር ጠይቃችኋል?

እኛ ለመስጂዶቻችን ኮሚቴዎች አንድ ሐሳብ አቅርበናል። ከዲሴምበር ጀምሮ በየወሩ አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ለአሥር ደቂቃ የበጀቱን ሁኔታ በአማርኛ የሚያስረዱ ሁለት ወጣቶች ይመደቡ፤ አንድ ወንድም፣ አንዲት እህት። ለእናቶቻችን ቅጹን የሚሞሉላቸው፣ ሮክቪል የሚሄድ ካለም መኪና የሚያዘጋጁ። ፈቃደኛ የሆናችሁ በገጹ የመልእክት ሳጥን ስማችሁንና ትምህርት ቤታችሁን ላኩልን። ዝርዝሩን ከኖቬምበር በፊት መጨረስ እንፈልጋለን፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ